እንግሊዝኛን በሃይስኩል እንዴት እናጥና? ከቴንስ ሠንጠረዥ ወዲያ ያለው ሥራ

10ኛ ክፍል እያለሁ ከአልጋዬ ራስጌ አንድ ካርቶን ለጥፌ ነበር። አሥራ ሁለቱ ቴንሶች ተሰልፈውበታል። ቀመሩ በአረንጓዴ እስክሪብቶ፣ ምሳሌው በቀይ። ስተኛም ስነሳም የማየው እሱን ነው። የግራመር ፈተና ሲመጣ ከ20 18 ወይም 19 አመጣለሁ። ቸካይ ነበርኩ።

አንድ ቀን ቲቸር «ቅዳሜና እሁድን እንዴት እንዳሳለፋችሁ ግማሽ ገጽ ጻፉ» አለን። አራት መስመር ጽፌ ደረቅሁ። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ከእኔ ሰማያዊ የእሱ ቀይ ይበዛል።

ያን ወረቀት ብዙ ጊዜ ደብቄው ኖርኩ። በኋላ አውጥቼ ሳየው ግን ስህተቶቼ እንዲሁ የተበተኑ አለመሆናቸው ገባኝ። ከእያንዳንዳቸው ሥር አማርኛ ነበረ። ያሰብኩት በአማርኛ ነው፣ ከዚያ ቃሉን ብቻ በእንግሊዝኛ ቀየርኩት። ካርቶኑ ደግሞ ስለዚህ ምንም አልነገረኝም።

ይህ መመሪያ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ላላችሁ ነው። በቀን 45 ደቂቃ ይበቃል፤ 20 ለንባብ፣ 10 ለቃላት፣ 15 ለጽሑፍ። እንግሊዝኛ አንድ ትምህርት ብቻ አይደለም። በሃይስኩል ፊዚክሱም ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም የሚሰጠው በእሱ ነው። ብዙ ልጅ «ባዮሎጂ ከበደኝ» ሲል የከበደው ባዮሎጂው ሳይሆን መጽሐፉ የተጻፈበት ቋንቋ ነው።

መጀመሪያ፦ የት እንዳላችሁ እወቁ

የክፍላችሁን የባዮሎጂ መጽሐፍ ክፈቱ። ከመሃል አንድ አንቀጽ መርጣችሁ 100 ቃል ቁጠሩ። የማታውቋቸውን ቃላት በእርሳስ አስምሩ። አንድን ጽሑፍ ያለ ሌላ እርዳታ በደንብ ለመረዳት ከ100 ቃል ወደ 98ቱን ማወቅ እንደሚያስፈልግ የቋንቋ ተመራማሪዎች ይናገራሉ። እናንተ 12 ወይም 15 ቃል ካሰመራችሁ አትደንግጡ፣ ብቻችሁን አይደላችሁም። ግን የንባብ ልምምዳችሁ ከዚያ መጽሐፍ ሊጀምር አይችልም ማለት ነው። ከሱ የቀለለ ያስፈልጋችኋል።

ከዚያ ያለ መዝገበ ቃላት፣ ያለ ስልክ፣ ግማሽ ገጽ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ርዕሱ ቀላል ይሁን፤ ትናንት ምን ሠራችሁ? ቀኑን ከላይ ጻፉና አስቀምጡት። አታርሙት። በኋላ እንፈልገዋለን።

ንባብ፦ ከአቅም ትንሽ ዝቅ ብሎ መጀመር

ስህተቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ይጀምራል። ልጁ በእንግሊዝኛ ጎበዝ መሆን ይፈልግና 500 ገጽ ልብ ወለድ ይዞ ይቀመጣል። በየመስመሩ መዝገበ ቃላት ይከፍታል። ሦስተኛው ገጽ ላይ ይተወዋል። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ጌጥ ይሆናል።

ለተማሪ ተብለው በደረጃ የተዘጋጁ ትንንሽ መጻሕፍት አሉ። ለምሳሌ ኦክስፎርድ ቡክወርምስ የሚባለው ተከታታይ አንደኛ ደረጃው 400 መሠረታዊ ቃላት ላይ ብቻ ቆሞ ታሪክ ይነግራል። ሁለተኛው 700፣ ሦስተኛው 1000 እያለ ይወጣል። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ ፈልጉ፣ በትንሽ ብር ይገኛል። አዲስ አበባ ያላችሁ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም አለ። ክፍለ ሀገር ያላችሁ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ጥግ አገላብጡ። አቧራ የለበሰው መደርደሪያ ላይ እንዲህ ያሉ ቀጫጭን መጻሕፍት አጋጥመውኛል፣ ማንም ነክቷቸው አያውቅም ነበር። እነሱም ከጠፉ የ7ኛ እና የ8ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ምንባቦች አሉ። የታናሽ ወንድም መጽሐፍ ማንበብ አያሳፍርም።

አነባበቡ እንዲህ ነው። የማታውቁት ቃል ሲመጣ አትቁሙ። በእርሳስ ነጥብ አድርጉበትና እለፉ። ያው ቃል ሦስተኛ ጊዜ ከመጣ ያን ጊዜ መዝገበ ቃላት ክፈቱ። ደጋግሞ የመጣ ቃል ወደፊትም ይመጣል፣ አንዴ ብቅ ብሎ የጠፋው ግን ምናልባት ዓመት ሙሉ አታገኙትም። 20 ደቂቃው ሲያልቅ መጽሐፉን ዝጉና ያነበባችሁትን በሦስት የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ለራሳችሁ ተናገሩ። በአፍ። ጎረቤት ቢሰማ ይስማ።

ቃላት፦ እንደ አማርኛ ሥር ፈልጉ

ቃልን ከነአማርኛ ፍቺው በሁለት ዓምድ ደርድሮ መሸምደድ የታወቀ ልማዳችን ነው። ለነገ ፈተና ይጠቅም ይሆናል። ለጽሑፍ ግን አይሆንም።

«ጻፈ» ካላችሁ ጽሑፍ፣ ጸሐፊ፣ መጻፊያ፣ አስጻፈ፣ ተጻጻፈ አላችሁ። ማንም ስድስቱን ለየብቻ አልሸመደደም፤ ሥሩን ስለያዝን ቅርንጫፉ ይገባናል። እንግሊዝኛም የራሱ መንገድ አለው። «ዲሳይድ» ካወቃችሁ «ዲሲዥን»፣ «ዲሳይሲቭ»፣ «አንዲሳይድድ» ዘመዶቹ ናቸው። ስለዚህ አንድ ቃል ስትይዙ ቤተሰቡን አብራችሁ በአንድ መስመር ጻፉ። የቱ ስም፣ የቱ ግሥ፣ የቱ ቅጽል እንደሆነ ምልክት አድርጉ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ይህን ይወዳል።

በቀን አምስት ቤተሰብ በቂ ነው። መነሻ ዝርዝር ከፈለጋችሁ አቬሪል ኮክስሄድ የተባለች ምሁር በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣችው «አካዳሚክ ወርድ ሊስት» አለ። በየትምህርቱ መጻሕፍት ውስጥ የሚመላለሱ 570 የቃል ቤተሰቦች ናቸው። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። የኬሚስትሪውንም የታሪኩንም መጽሐፍ አብሮ ያቀላል።

ሌላው ነገር፣ ቃልን ብቻውን አትጻፉ። ከጓደኛው ጋር ጻፉት። በአማርኛ የቤት ሥራም «እንሠራለን»፣ ስህተትም «እንሠራለን»። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው «ዱ ሆምወርክ» ነው፣ ሁለተኛው «ሜክ ኤ ሚስቴክ»። «ዱ ሚስቴክ» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ሁለቱንም ቃል ያውቃቸዋል። የማያውቀው ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ነው።

ከዚያ ክለሳ። ዛሬ የጻፋችሁትን ነገ፣ ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በወሩ እዩት። ፍቺውን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ዝም ብሎ ማየት ክለሳ አይባልም።

የስህተት ደብተር

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህን እላለሁ። 32 ገጽ ደብተር ግዙ። ቲቸር ያረመላችሁን ስህተት በሙሉ እዚያ ጻፉ። በግራ የተሳሳተው፣ በቀኝ ትክክሉ፣ ከሥር ደግሞ በአማርኛ ያሰባችሁት ዐረፍተ ነገር። ሦስተኛው መስመር ነው ዋናው። ከሁለት ወር በኋላ ስታገላብጡት ስህተታችሁ መቶ ዓይነት ሳይሆን ስድስት ሰባት ዓይነት መሆኑን ታያላችሁ። የእኔ ደብተር ውስጥ ሲመላለሱ የነበሩትን ላሳያችሁ፤ የእናንተም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የመጀመሪያው ሰንሰለት ነው። አማርኛ እንዲህ ይላል፦ «ጠዋት ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ፣ ታክሲ አጥቼ በእግሬ ሄድኩ።» ያማረ ዐረፍተ ነገር ነው። ጊዜውን የሚናገረው ግን የመጨረሻው ግሥ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ እሱ ላይ ተደግፈው ይሄዳሉ። ይህን ይዘን እንግሊዝኛ ስንጽፍ «አይ ጌት አፕ፣ ዎሽ ማይ ፌስ፣ ኢት ብሬክፋስት፣ ኖ ታክሲ፣ አይ ዌንት ኦን ፉት» ይሆናል። የመጨረሻው ግሥ ብቻ አለፈ፣ ሌላው ዛሬ ቀረ። በእንግሊዝኛ እያንዳንዱ ግሥ ጊዜውን በራሱ ይሸከማል። መፍትሔው መቁረጥ ነው፦ «አይ ጎት አፕ አት ሲክስ ኤንድ ዎሽድ ማይ ፌስ። አይ ኤት ብሬክፋስት። ዜር ወር ኖ ታክሲስ፣ ሶ አይ ዎክድ።» ሦስት አጭር ዐረፍተ ነገር። አራት ነጥብ በነፃ ነው፣ አትቆጥቡት። (ሰዓቱንም አደራ፤ የእኛ ጠዋት 12 ሰዓት የእነሱ 6 ነው። በዚህ ቀጠሮ ያመለጠው ሰው አውቃለሁ።)

ሁለተኛው «ዘ» እና «ኤ» ናቸው። «መጽሐፉ» ስንል መጨረሻ ላይ ያለችው «ኡ» ብዙ ጊዜ የ«ዘ»ን ሥራ ትሠራለች፤ ስለዚህ እዚያ ብዙም አንሳሳትም። የምንወድቀው «መጽሐፍ ገዛሁ» ላይ ነው። አማርኛው ራቁቱን ይቆማል፣ ምንም አይጎድለውም። «አይ ቦት ቡክ» ግን ይጎድለዋል፤ «ኤ ቡክ» ነው። የሚቆጠርና ነጠላ የሆነ ስም በእንግሊዝኛ ብቻውን አይወጣም። ፊቱ «ኤ»፣ «ዘ»፣ «ማይ»፣ «ዚስ» አንዱ መኖር አለበት። ጽሑፋችሁን ስታርሙ ስሞቹን ብቻ እየተከተላችሁ ይህን ጠይቁ።

ሦስተኛው ትናንት ነው። «ትናንት አይቼዋለሁ» በአማርኛ ችግር የለውም። እንግሊዝኛ ግን «ሃቭ ሲን» እና «የስተርደይ»ን አንድ ላይ አያስቀምጥም። ጊዜው ከተጠራ «ሶው» ነው። «ሃቭ ሲን» የሚመጣው መቼ መሆኑ ሳይነገር፣ ነገሩ ዛሬን ሲነካ ነው። ሰው ቤት ገብታችሁ «ብሉ» ስትባሉ «በልቻለሁ» እንደምትሉት። መቼ እንደበላችሁ ማን ጠየቃችሁ? አሁን አለመራባችሁ ነው ቁም ነገሩ።

ሌሎቹን በአጭሩ። «ስለ ችግሩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ አባውት» እንጽፋለን፤ «ዲስከስ» «አባውት» አይፈልግም። «ቢደክመኝም ግን ሄድኩ» ስለምንል «ኦልዞው» እና «በት»ን በአንድ ዐረፍተ ነገር እናስገባለን፤ አንዱ ይበቃል። «አምስት ልጅ» ስለምንል «ፋይቭ ስቱደንት» እንላለን፤ «ስቱደንትስ» ነው። «አበበ አመመኝ አለ» ስንል «አመመኝ» የአበበ ቃል መሆኑ ለሁላችንም ግልጽ ነው። «አበበ ሴድ አይ ዎዝ ሲክ» ካላችሁ ግን የታመማችሁት እናንተ ናችሁ።

ጽሑፍ፦ አንድ አንቀጽ በትክክል

ኤሴይ ከመጻፍ በፊት አንድ አንቀጽ። አንድ ወር ሙሉ አንድ አንቀጽ ብቻ።

ርዕሱን አጥብቡት። «የትምህርት ጥቅም» በሚል ርዕስ ማንም ጥሩ ነገር ጽፎ አላየሁም። «ኤዱኬሽን ኢዝ ዘ ኪ» ብሎ ይጀምራል፣ «አዝ ዊ ኦል ኖው» ይላል፣ ያልቃል። «ናወደይስ» ብሎ የሚጀምር አንቀጽ ካላችሁ ቃሏን ሰርዙና ያለሷ አንብቡት። ምንም አልጎደለም፣ አይደል?

ለምሳሌ የሰፈራችሁን የታክሲ ሰልፍ ውሰዱ። መጀመሪያ ስለሱ አንድ አቋም ይኑራችሁ፦ ጎረቤቶቼን ያወቅኳቸው በታክሲ ሰልፍ ነው። ይህ የአንቀጹ መሪ ዐረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ማስረጃ። ሁልጊዜ ፊቴ የሚቆሙት እናት፣ ሰልፍ የሚያቆራርጠው ጎረምሳና ሁሉም አንድ ላይ ሲጮህበት፣ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ የሚያጋራኝ ሰውዬ። ሦስት ነገር፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ዐረፍተ ነገር። አቋሙን የማይደግፍ ነገር፣ ለምሳሌ የታሪፍ መጨመር፣ እውነት ቢሆንም ይውጣ። የሌላ አንቀጽ ነው።

ሐሳቡን በአማርኛ መዘርዘር ችግር የለውም፤ በነጠላ ቃላት ብቻ ግን። ሙሉ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ጽፋችሁ ከዚያ ከተረጎማችሁ የስህተት ደብተራችሁ በአንድ ሳምንት ይሞላል።

እርማቱ በማግስቱ ይሁን። ሦስት ዙር አለው። በመጀመሪያው ግሦቹን ብቻ እዩ፤ ጊዜያቸው ይስማማል? በሁለተኛው ስሞቹን፤ «ኤ»፣ «ዘ»፣ ብዙ ቁጥር? በሦስተኛው ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ፤ ትንፋሽ ያጠራችሁ ቦታ አራት ነጥብ ይፈልጋል። ሁሉን በአንድ ዙር ለማየት የሚሞክር ሰው ምንም አያይም።

አንቀጹ ሲሳካ ኤሴይ ያው ነው፣ ሰፋ ይላል። መግቢያው አቋሙን ይናገራል፣ እያንዳንዱ የመሃል አንቀጽ አንድ ምክንያት ይይዛል፣ መዝጊያው አጭር ነው።

ቻትጂፒቲን ልተወው አልችልም፣ ሁላችሁም ስልካችሁ ላይ አላችሁና። አሳይመንት ካስጻፋችሁት የተማረው እሱ ነው። ራሳችሁ ጽፋችሁ ካረማችሁ በኋላ ግን «እንደገና አትጻፍልኝ፣ አምስት ስህተቴን ብቻ ከነምክንያታቸው አሳየኝ» በሉት። ከዚያ ወደ ደብተሩ። አልፎ አልፎ እሱም ይሳሳታል፣ ስለዚህ የተጠራጠራችሁትን ቲቸርን ጠይቁ።

ሥነ ጽሑፍ፦ ሰምና ወርቅ ያደገበት ሰው ግጥም አይፈራም

እንግሊዝኛ ግጥም ሲመጣ ክፍሉ ጸጥ ይላል። «ምን ማለት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁሉም ቲቸር እስኪናገር ይጠብቃል፣ ከዚያ ይገለብጣል። ይህ ለእኛ ነውር ነው። በቅኔ አገር አድገን «አባይ» ሲባል ወንዙ ይሁን ውሸታሙ ጆሯችንን ቀስረን የምንለይ ሰዎች ነን። ተምሳሌትም ምጸትም የእንግሊዝኛ ፈጠራ አይደሉም።

ግጥሙን መጀመሪያ ለሰሙ አንብቡት። ማን ነው የሚናገረው? ለማን? ምን እየሆነ ነው? ግጥም የቃላት ቅደም ተከተል ስለሚያዛባ የእያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ባለቤትና ግሥ ፈልጋችሁ አስምሩ። ግማሹ ግራ መጋባት እዚህ ያልቃል። መስመሩ ሲያልቅ ዐረፍተ ነገሩ ያለቀ አይምሰላችሁ፤ ነጥቡን ተከተሉ። ወርቁን ከዚያ ፈልጉ። የሚደጋገም ነገር አለ? ሳይጠበቅ የገባ ቃል አለ? መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር ይጋጫል? ገጣሚው «ሌሊት» ካለ ጨለማውን ብቻ ነው ወይስ ሌላ ነገርም?

ለአጭር ልብ ወለድ የሚያዋጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ዋናው ሰው መጀመሪያ ላይ ምን ፈለገ፣ መጨረሻ ላይስ ምን ሆነ? ሴቲንግ፣ ፕሎት፣ ቲም እያሉ ሠንጠረዥ መሙላት ከዚህ በኋላ በራሱ ይመጣል።

ስለ ሥነ ጽሑፍ ስትጽፉ ሦስት እርምጃ ያዙ። አቋም አስቀምጡ፣ ከጽሑፉ አንድ መስመር በትምህርተ ጥቅስ አምጡ፣ ከዚያ መስመሩ ለምን አቋማችሁን እንደሚደግፍ አስረዱ። ሦስተኛውን ሁሉም ይዘለዋል፤ ጥሩ ማርክ የሚሰጠው ግን ለሱ ነው። አንድ ልማድም አለ። በእንግሊዝኛ ስለ አንድ ታሪክ ይዘት ሲጻፍ ግሡ አሁናዊ ይሆናል፤ ገጸ ባሕርይዋ «ሌፍት» ሳይሆን «ሊቭስ»። ታሪኩ በተነበበ ቁጥር እንደገና ይሆናልና።

ማዳመጥና መናገር

የመማሪያ መጽሐፉ የሊስኒንግ ምንባብ ብዙ ጊዜ ያለው በመምህሩ መምሪያ ውስጥ ነው። ፒዲኤፉ በቴሌግራም አይጠፋም። ጓደኛችሁ ያንብብ፣ እናንተ መልሱ፤ ከዚያ ተቀያየሩ። ኢንተርኔት ስታገኙ የቢቢሲ «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» በነፃ አለ፣ ከነጽሑፉ። አንድ ደቂቃ ብቻ ወስዳችሁ የሰማችሁትን ጻፉና ከጽሑፉ ጋር አስተያዩ። ስትናገሩ «እስፖርት»፣ «እስኩል» ላይ ያለችውን «እ» ለመጣል ሞክሩ። የአሜሪካን አክሰንት ፍለጋ ግን ጊዜያችሁን አትጨርሱ።

12ኛ ክፍል

ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ነው፤ ለተፈጥሮም ለማኅበራዊ ሳይንስም እንግሊዝኛ አለበት። ምንባብ ሲመጣ ጥያቄዎቹን ቀድማችሁ አንብቡ፣ ምን እንደምትፈልጉ አውቃችሁ ግቡ። ዐረፍተ ነገሮችን አሰልፉ ሲባል «ሂ»፣ «ዚስ»፣ «ሃውኤቨር» ብሎ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው አይሆንም፤ ከፊቱ ሰው ይፈልጋል። የድሮ ፈተና ስትሠሩ መልሱን ማግኘት አይበቃም። የቀሩት ሦስቱ ለምን እንዳልሆኑ በአንድ ቃል ከጎናቸው ጻፉ። በዚህ መንገድ የተሠራ አንድ ፈተና በጥድፊያ ከተሠሩ አምስት ይበልጣል። በፈተናው ዋዜማ ቴሌግራም ላይ የሚሸጥ «መልስ» አትግዙ። ያንን ለሚገዛ ሰው የምነግረው የእንግሊዝኛ ምክር የለኝም።

ምርጫ ስለሆነ ጽሑፍ አያስፈልግም የሚል ካለ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በመጀመሪያው ዓመት ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ የሚባል ኮርስ ይጠብቀዋል። እዚያ መጻፍ አለ።

ሦስት ወር ሲሞላ ያቺን የመጀመሪያ ግማሽ ገጽ አውጧት። ቀይ እስክሪብቶ ያዙና እናንተው እንደ ቲቸር አርሟት። ከዚያ በዚያው ርዕስ፣ ያለ ስልክ፣ አዲስ ግማሽ ገጽ ጻፉ። እኔ ያን ጊዜ ገጹ አልበቃኝም ነበር፣ ጀርባው ላይ ቀጠልኩ።